የትኛው 12 ሰዓት?

ጎሕ ሲቀድ ጣና ላይ ንፋሱ ገና አልተነሣም። የውሃው ገጽ ስለማይናወጥ የሐይቁን ከፍታ ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በሴንቲሜትር የተሰመረው ሰሌዳ ከዳርቻው ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሊያነብ የመጣው ሠራተኛ ጠጋ ብሎ ውሃው የነካውን መስመር ይለያል፤ ቁጥሩን በቅጹ ላይ ያሰፍርና ከጎኑ ሰዓቱን ይጽፋል፦ 12:00። ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልሶ ይመጣል። ያነባል፣ ይጽፋል። ሰዓቱ አሁንም 12:00 ነው።

በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ያሉ፣ በሰው ዓይን የሚነበቡ የከፍታ መለኪያዎች በተለምዶ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ንጋትና ምሽት ላይ ይነበባሉ። የጣና ከፍታ ባሕር ዳር ላይ መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ ወዲህ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በሮች ጀምሮ በ2001 አምስት ተጨምረውለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እስከዚያ ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅታ ወርዶ መርከቦች ለወራት ሲቆሙ፣ ነገሩ ምን ያህል ከልማድ የወጣ እንደነበር ሊታወቅ የቻለው እነዚያ ተራ የሚመስሉ ዕለታዊ ቁጥሮች ስለነበሩ ነው።

ለሠራተኛው ሁለቱ 12ዎች አይምታቱበትም። አንደኛው የንጋት፣ ሌላኛው የምሽት ነው፤ በቅጹ ላይም ተከታትለው ተቀምጠዋል። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ያ ሰው የሚሞላው ሠንጠረዥ ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ከሆነ፣ 12:00 ማለት እኩለ ቀን ነው። ሁለት ንባቦች አንድ ቅጽበት ላይ ይወድቃሉ። ፕሮግራሙ ወይ አንዱን ያጠፋል፣ ወይ ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ላይ ደርቦ ያስቀምጣል።

ለሐይቁ ለራሱ ይህ ብዙም ላያናጋ ይችላል፤ ጣና በስድስት ሰዓት ውስጥ ያን ያህል ከፍ ዝቅ አይልም። ወደ ጣና ለሚገቡት ወንዞች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ በጣለ ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት የተነበበ ሙላት በስህተት እኩለ ቀን ላይ ከሰፈረ፣ ጎርፉ ካስነሣው ዝናብ ቀድሞ የደረሰ ይመስላል። ዝናቡ ከጣለ ስንት ሰዓት በኋላ ወንዙ ከአፉ እንደሚወጣ ለማስላትና ለገበሬው ማስጠንቀቂያ ለማድረስ የሚሠራ ባለሙያ እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የሚያገኘው መልስ የተዛባ ይሆናል። የተዛባ መሆኑንም ከመዝገቡ ሊያውቅ አይችልም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የተሳሳተ ሰው የለም። ያነበበውም፣ የጻፈውም፣ ወደ ኮምፒውተር ያስገባውም የየራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል። ጎደሎው ከሁሉም በፊት የተጻፈው ሰነድ ነው፤ ቅጹ ምን እንደሚመስል፣ በየዓምዱ ምን እንደሚሞላ የሚደነግገው የአሠራር ወይም የደረጃ ሰነድ። "ሰዓት ይመዝገብ" ብሎ ያዘዘ ሰነድ፣ ሰዓቱ ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር ካልተናገረ ትእዛዙ ግማሽ ነው።

የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ምድር የሚስማማበት ምክንያት አለው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። እዚህ የቀን ብርሃን በአጭሩ ወቅት ከ11 ሰዓት ተኩል እምብዛም አያንስም፣ በረጅሙም 13 ሰዓት አይሞላም። ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባሉ ምንም በማይቀራቸው አገር፣ ቀኑን ከንጋት ሌሊቱን ከምሽት አንድ ብሎ መቁጠር ቀላልና ግልጽ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ የኬንያና የታንዛኒያ ሰዎችም እንዲሁ ይቆጥራሉ። በወንጌል የተጻፉት ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ለባሕር ዳር አንባቢ ምንም ስሌት ሳያስፈልጋቸው ትርጉም ይሰጣሉ፤ በዘጌና በጣና ደሴቶች ገዳማት የሠለስት፣ የቀትርና የተሰዓት ጸሎት የሚደርሰውም በእነዚሁ ሰዓቶች ነው።

ነገር ግን አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ጉዳይ አለ። ዛሬ በእጃችን ያለው "12 ሰዓት" የፀሐይን መውጣት ተከትሎ የሚለዋወጥ ሰዓት አይደለም። አገሪቱ የምትጠቀምበት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በ45 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ በ37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በከተማዋ ሰማይ መካከል የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የምትወጣውም በአማካይ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ። የደረጃ ሰነድ የሚጽፍ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። "የኢትዮጵያ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ይቆጠራል" ብሎ ከጻፈ፣ ሶፍትዌር ሠሪው ለእያንዳንዱ ከተማ የፀሐይ መውጫ ሊያሰላ ይነሣል። ትክክለኛው ድንጋጌ ከዚያ ያጠረ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ማለት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ሲቀነስ ስድስት ሰዓት ነው፣ በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ወር።

ከባሕር ዳር በስተምዕራብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት አቆጣጠሮች በየቀኑ ጎን ለጎን ይሠራሉ። መንገደኛው በእጁ የያዘው ትኬት ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠር የአገር ውስጥ ሰዓት የተጻፈ ነው። የአየር ሁኔታ ዘገባውና የበረራ ዕቅዱ የሚጻፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። ሸኚ ቤተሰቡና ታክሲው ደግሞ የሚነጋገሩት በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። እንግዲህ አንድ ወረቀት ላይ "9:00" የሚል ብቻ ተጽፎ ቢገኝስ? በትኬቱ ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በአየር ሁኔታ ዘገባው ከሆነ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ቤተሰቡ የጻፈው ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ሰዓት እየተራራቁ የሚመጡ ሦስት የተለያዩ ቅጽበቶች።

አብራሪዎቹና የአየር ሁኔታ ባለሙያዎቹ በዚህ መካከል የማይደናገሩት ደንባቸው ነገሩን ስለጨረሰላቸው ነው። በአቪዬሽን የአየር ሁኔታ ዘገባ ውስጥ ከሰዓቱ ቁጥር ቀጥሎ ዜድ የተባለችው የላቲን ፊደል ትቀመጣለች፤ ትርጉሟ "ይህ ዩቲሲ ነው" ማለት ነው። አንዲት ፊደል ቁጥሩን ሙሉ ታደርገዋለች። ሜትሮሎጂም እንዲሁ። ዋናዎቹ ዓለም አቀፍ የምልከታ ሰዓቶች በዩቲሲ 0፣ 6፣ 12 እና 18 ናቸው፤ ለእኛ ከሌሊቱ 9፣ ከጠዋቱ 3፣ ከቀኑ 9 እና ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። የዕለቱ ዝናብ የሚለካው በጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህም የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ዛሬ ጠዋት ከመለኪያው የተቀዳው ውሃ አብዛኛው ትናንት ከሰዓት በኋላና ማታ የወረደ ነው፤ ታዲያ በመዝገቡ የዛሬ ዝናብ ይባል ወይስ የትናንት? ሁለቱም ይሠራል። የማይሠራው ዝም ማለት ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ስልኮችና ሰርቨሮች ስለየአገሩ ሰዓት የሚያውቁት ከአንድ የጋራ የሰዓት ቀጠና ዳታቤዝ ነው። አርተር ዴቪድ ኦልሰን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረውን ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ሲመራ የኖረው ፖል ኤገርት ነው። በዚያ ውስጥ አዲስ አበባ ዛሬ ከናይሮቢ ጋር ተያይዛ ትገኛለች፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሁለቱ ሰዓት ስላልተለያየ። ቀድሞ ለብቻዋ በነበራት መዝገብ ግን ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትቀድም እንደነበርና ወደ 3 ሰዓት ልዩነት የተሻገረችው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 እንደሆነ ተጽፏል። ቀኑ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። አዘጋጁ ራሱ ይህ የቆየ መረጃ ስህተት ሊሆን እንደሚችል በማስታወሻ አስጠንቅቋል።

በዚያው ማስታወሻ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰዓታቸውን ከንጋት እንደሚቆጥሩ፣ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ይህን እንዳይዘነጋ ያሳስባል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም የተጻፈው ኮምፒውተር እያለፈ በሚሄደው የማስታወሻ መስመር ላይ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ያየዋል፤ ፋይሉን የሚጠቀሙት መሣሪያዎች ግን አንዳቸውም አያውቁትም።

ጊዜን ስለመጻፍ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ሰነድ ኢሶ 8601 ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ይህን ደረጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ እየተባለ እንዲጻፍ ያዛል፤ የዘመን አቆጣጠሩ ጎርጎርዮሳዊ፣ የሰዓቱ መነሻ እኩለ ሌሊት ነው። ደረጃው ሰፊ በመሆኑ ለተዋዋዮች ስምምነት የሚተዋቸው ነገሮች አሉ፤ ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት ሳይጠቅሱ ሰዓትን መጻፍም ይፈቅዳል። በጁላይ 2002 እ.ኤ.አ. የወጣው አር ኤፍ ሲ 3339 የተባለው ደንብ ለኢንተርኔት አገልግሎት ብሎ ይህን በር አጠበበው፤ በእርሱ መሠረት ልዩነቱን አለመጻፍ አይቻልም። ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የተነበበ የጣና ከፍታ በዚህ ደንብ 2024-08-20 06:00:00+03:00 ተብሎ ይጻፋል፤ በቀኑና በሰዓቱ መካከል በመደበኛው አጻጻፍ ቲ የተባለች የላቲን ፊደል ትገባለች። ናይሮቢም ሆነ ቶኪዮ ያለ ሰው ይህን መስመር አይቶ ሌላ ጥያቄ አያነሣም።

አሁን ያንኑ ቀን አንድ ጸሐፊ የወሩን ተራ ቁጥር ተከትሎ 2016-12-14 ብሎ ቢያስገባውስ? ነሐሴ 12ኛው ወር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ምንም ስህተት የለበትም። ኮምፒውተሩ ግን ዲሴምበር 14 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ብሎ ይቀበለዋል፤ ንባቡን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ይወስደዋል። ቅሬታም አያሰማም። ቅሬታ የሚያሰማው ለጥቂት ቀኖች ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳኛ ቀን ሆኖ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ይመልሰዋል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ በሙሉ ይመልሳታል። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ልጅ መዝገብ ላይ አልገባም ሲል ሠራተኛው ሊበሳጭ ይችላል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ የተሳሳተ መሆኑን የምትናገረው ያቺ ቀን ናት። የሚያስፈራው ሳይጮኽ የሚያልፈው ስህተት ነው።

ሰባት ዓመት ከስምንት ወር 92 ወር ነው። ይህች ቁጥር በዓለም ዙሪያ የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች ሁሉ የሚያውቋት ናት። በእነዚህ ጥናቶች ቀኖች የሚቀመጡት ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ ስንተኛው ወር እንደሆነ በሚናገር ኮድ ነው፤ የኢትዮጵያው መረጃ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለተሰበሰበ በዚያው ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ጥናት ፋይል ሲከፈት የቃለ መጠይቁ ዓመት 2008 ይላል። ኢትዮጵያን ከጎረቤት አገር ጋር ሊያነጻጽር የፈለገ ተመራማሪ 92 ወር መደመር አለበት። መረጃው ጥቅም ላይ ሊውል የቻለው ይህ በመመሪያው ላይ በግልጽ ስለተጻፈ ነው። የተጠያቂዎቹ መልስ እንደተናገሩት ተጠብቋል፤ ወደ ሌላው አቆጣጠር መሻገሪያውም አብሮ ተሰጥቷል። ጥሩ ሰነድ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሕጎቻችንም ከዚህ ጋር ሲኖሩ ቆይተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ 1156/2019። ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅም በአንዱ 1/1987፣ በሌላው 1/1995 ነው። ወጣት ሠራተኞች በሌሊት እንዳይሠሩ የሚከለክለው ድንጋጌ በአማርኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲል፣ በእንግሊዝኛው ቁጥሮቹ 10 እና 6 ናቸው። ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን እስካሉ ድረስ ሕጉ አንድ ነው። አንደኛው ዓምድ ብቻ ተቆርጦ ወደ አንድ ፋብሪካ የፈረቃ ሰሌዳ ሲገባ ግን ቁጥሩ ያለ ዓምዱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። ለዓመት የጋራ ምልክት አለን። "ዓ.ም." እና "እ.ኤ.አ." በአማርኛ ጋዜጣና መጽሐፍ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ የኖሩ፣ ማንም አንባቢ የሚያውቃቸው ናቸው። ለሰዓት ግን እንዲህ ያለ አጭር፣ የታወቀ ምልክት የለንም። በአፍ "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብለን እንጠያየቃለን፤ ጥያቄው ራሱ የሚያሳየው ቁጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ሁላችንም ማወቃችንን ነው። የተጻፈ ሰነድ ግን ተመልሶ አይጠየቅም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የግሪንዊችን ታሪክ ቢያይ ይጠቀማል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሌሊት ሲሠሩ ቀኑ መካከል ላይ እንዳይቀየርባቸው ብለው ለዘመናት ቀንን የሚጀምሩት ከእኩለ ቀን ነበር። ሲቪሉ ሕዝብ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1925 ጀምሮ ሊቃውንቱም ወደ እኩለ ሌሊት ዞሩ። ስሙን ግን አልለወጡም፤ ያው "የግሪንዊች አማካይ ሰዓት" ተባለ። ስለዚህ ያ ስም ያለበት አንድ መዝገብ ሲገኝ፣ ቁጥሩ በአሮጌው ይሁን በአዲሱ ሳይታወቅ 12 ሰዓት ሊዛባ ይችል ነበር። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1928 እ.ኤ.አ. መፍትሔ ያደረገው ሰዎችን መገሠጽ አልነበረም፤ ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጠረው ሰዓት አዲስ ስም ሰጠው፣ "ዓለም አቀፍ ሰዓት" አለው። ዛሬ ዩቲሲ የምንለው የዚያ ስም ወራሽ ነው። በኢትዮጵያም የሚያስፈልገው ይኸው ይመስላል፤ ማንንም አቆጣጠሩን ሳያስተዉ እያንዳንዱ አቆጣጠር የማይምታታ ስም በሰነድ ላይ እንዲኖረው ማድረግ።

ለዚህ የሚሆን ልማድ በገዛ ቤታችን አለ። ባሕረ ሐሳብን የሚማር ደቀ መዝሙር መጀመሪያ የሚያደርገው ቆጠራው ከየት እንደሚነሣ ማጽናት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ያገኛል፤ ከዚያ ለአራት ያካፍላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ዘመነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከሆነ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ዕለቱን ደግሞ በ60 ኬክሮስ ይከፍላል፤ አንድ ኬክሮስ ዛሬ በምንጠቀምበት 24 ደቂቃ ነው፣ ከእርሱም በታች ካልዒት፣ ሣልሲት እየተባለ በየስድሳው ይወርዳል። በመጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ዕለቱ በ18 ክፍል ተመድቧል። ሁለት የተለያዩ አከፋፈሎች በአንድ ሊቅ ጉባኤ ቤት ሲነሡ አይጋጩም፤ እያንዳንዱ በስሙ ይጠራልና። የጣና ደሴቶች ብራናዎች በተጻፉበት አገር፣ መነሻን ሳይናገሩ ቁጥር መጻፍ የኋላ ዘመን ልማድ ነው።

እንግዲህ የሐይቁን ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው ምን ብሎ ይደንግግ? አንዳንዶች ሠራተኛው በጭንቅላቱ አስልቶ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፍ ይላሉ። ይህ መፍትሔ ስህተቱን ወደ ሐይቁ ዳር ያወርደዋል። በንጋት ብርድ፣ አንድ እጁ መለኪያው ላይ ሆኖ፣ ስድስት ደምሮ አንዳንዴም ቀኑን ቀይሮ እንዲጽፍ የታዘዘ ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፤ የተሳሳተውም መቼ እንደሆነ ማንም አያገኘውም። ስሌት የኮምፒውተር ሥራ ነው። የሰው ሥራ ያየውን በሚያስብበት አቆጣጠር መጻፍ ነው።

ስለዚህ ድንጋጌው እንዲህ ሊል ይችላል። "በመጀመሪያው ዓምድ ታዛቢው ቀኑን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ይሞላል፤ ንጋት፣ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት ከሚሉት አንዱን የግድ ያከብባል። ሁለተኛውን ዓምድ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው አስልቶ በጎርጎርዮሳዊ ቀን፣ ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠር የ24 ሰዓት አጻጻፍና ከ+03:00 ልዩነት ጋር ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ዓምድ አይሰረዝም።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋና ናት፤ ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ ተመልሶ ሊታይ የሚችለው የሰውዬው የራሱ ጽሑፍ ነውና።

ከድንጋጌው ቀጥሎ የሚመጣው ምሳሌም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት፤ ብዙ ሰነዶች የሚወድቁት እዚህ ነው። "ለምሳሌ 03/03" ብሎ የጻፈ ሰነድ ወሩ ይቅደም ቀኑ አላስተማረም። ጠቃሚ ምሳሌ በተሳሳተ መንገድ የሚያነበውን ሰው ወዲያው የሚያጋልጥ ነው። ለኢትዮጵያ ሰነድ ጳጉሜን 3 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓትን የመሰለ ምሳሌ አይገኝም፤ የ13ኛውን ወር፣ የስድስት ሰዓቱን ልዩነትና የቀኑን መለወጫ በአንድ ጊዜ ይፈትናል። ሶፍትዌር ሲገዛም ሻጩ ይህችን አንዲት መስመር ያስገባ ዘንድ ቢጠየቅ ብዙ ነገር ይታወቃል።

የዘመን አቆጣጠሩ ክፍል ዛሬ መሣሪያ አያጣም። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን ካሌንደር እንደ አንድ ምርጫ ይዟል። የአፕል ስልኮች ፕሮግራም ሠሪ ዓመተ ምሕረትንም ዓመተ ዓለምንም በየስማቸው ያገኛል፤ በጃቫ ለሚጽፉም ጆዳ ታይም የተባለው ቤተ መጻሕፍት አለ። በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አር ኤፍ ሲ 9557 ደግሞ ከቀኑና ከሰዓቱ ቀጥሎ በቅንፍ የሰዓት ቀጠናውንና የዘመን አቆጣጠሩን ስም ለማያያዝ መንገድ ከፍቷል፤ ቀኑ ለሰው ሲታይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ ብሎ ማዘዝ ይቻላል።

ሰዓቱ ግን ገና ደጅ ነው። ስልኮችና ኮምፒውተሮች ቀንና ሰዓትን በየቋንቋው ለማሳየት የሚከተሉት የዩኒኮድ ደንብ ለሰዓት አራት የአጻጻፍ ምልክቶች አሉት፤ ከ0 እስከ 11፣ ከ1 እስከ 12፣ ከ0 እስከ 23፣ ከ1 እስከ 24። አራቱም የሚነሡት ከእኩለ ሌሊት ወይም ከእኩለ ቀን ነው። አማርኛ የመረጠ ስልክ "ጥዋት" እና "ከሰዓት" እያለ ቢያሳይም የሚያሳየው ቁጥር የፈረንጁ ነው። ከንጋት የሚቆጠር ሰዓት ምልክት የለውም፤ እንዲኖረው የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከማመልከቻው በፊት መልስ የሚሻ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ቀኑ መቼ ይለወጣል?

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የነገው በዓል ዛሬ ማታ በዋዜማው ይገባል። የሰዓቱ ቆጠራ የሚታደሰው ንጋት ላይ ነው። ባንኩ፣ የስልኩ ካሌንደርና የአውሮፕላን ትኬቱ ቀኑን የሚለውጡት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። "ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ሲባል አንዱ ማክሰኞ ከመንጋቱ በፊት ያለውን፣ ሌላው ማክሰኞ መሽቶ የሚመጣውን ሊረዳ ይችላል፤ በመካከላቸው አንድ ሙሉ ቀን አለ። ጋዜጠኞች "ለረቡዕ አጥቢያ" ብለው ይህን ይዘጉታል፤ ኮምፒውተር ግን አጥቢያን የሚያስቀምጥበት ቦታ አልተሰጠውም። ማክሰኞ ማታ ጣና ላይ የተጣለ መረብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲነሣ፣ የዓሣው ምርት የማክሰኞ ነው ወይስ የረቡዕ? ይህን በአንድ አንቀጽ ሊወስን የሚችለው አካል አገር ውስጥ አለ፤ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አባል ነው። አንቀጹ ከተጻፈ፣ ለሰዓታችን ምልክት ጠያቂውም የጣናውን ቅጽ አዘጋጁም የሚጠቅሱት ሰነድ ይኖራቸዋል።